የውድነሽ ቀኝ እግር

ኪዳኔ ዴንቨር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ከኤርፖርት የጫናቸው ሰዎች ሻንጣቸውን እንዳቀፉ፣ ገና ዋናው ሃይዌይ ላይ ሳይወጡ እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ ይል ነበር። አንዱማ እስከ ቦልደር ድረስ አንኮራፍቶ ቤቱ በር ላይ ሲቀሰቅሰው፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛ ዓመት እንዳለፈው ነግሮ አመስግኖታል። ኪዳኔ ይህችን ታሪክ ያላወራለት ሰው ኦሮራ ውስጥ ካለ ትናንት የመጣ ሰው ነው። ታሪኩን ሲጨርስ ግን ትንሽ ይከፋዋል። ምክንያቱም የገዛ ሚስቱ ውድነሽ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ እሱ በሚነዳው መኪና አንድም ቀን ዓይኗን ከድና አታውቅም።

ዓይኗ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ጉዱ ያለው ቀኝ እግሯ ላይ ነው። ውድነሽ ጋቢና ከተቀመጠች እግሯ ሥራ ይጀምራል። መብራቱ ከሩቅ ሲቀላ ትረግጣለች፤ ከፊት ያለው መኪና ቀዝቀዝ ሲል ትረግጣለች፤ ሽኮኮ መንገድ ዳር ቆማ ስታያት ትረግጣለች። እሷ በተቀመጠችበት በኩል ፍሬን የሚባል ነገር እንደሌለ ጠፍቷት አይደለም። እግሯ ግን ይህን የሚሰማ እግር አይደለም።

ፍርድ እንስጥ ከተባለ እግሯም ምክንያት አለው። ውድነሽ በሥራ ቀን ሴንቴኒያል ባለ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በነጯ ሆንዳዋ አዲስ ለመጣ ሰው ሁሉ መኪና ታስተምራለች። ከግሌንዴል አፓርታማዎች ጀምሮ እስከ ኦሮራ ዳርቻ ድረስ በሷ እጅ መንጃ ፈቃድ ያወጣውን ሰው ቁጥር እሷም አታውቀውም። ተማሪዎቿ መሪ ሲይዙ እሷ ከጎናቸው ሆና በሌለ ፍሬን ስታቆማቸው ኖራለች። በሆንዳዋ ውስጥ በጋቢናው በኩል ያለው የእግር ምንጣፍ ሁለት ጊዜ ተበስቶ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የነጂው ምንጣፍ እስካሁን አዲስ ነው።

ኪዳኔ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ተማሪና ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው እኩል ሲረገጥባቸው ደስ አይልም። ያንገበግበዋል።

አምና ታክሲውን አቁሞ ጡረታ ሲወጣ፣ አሜሪካኖቹ አርቪ የሚሉትን፣ አልጋም ምድጃም መታጠቢያም ያለው ቤት የሚያህል መኪና ገዛ። አሮጌ ነው፤ እሱ ግን ወልውሎ ወልውሎ ሙሽራ አስመሰለው። ሰበብም ቶሎ ተገኘለት። ላስ ቬጋስ የምትኖረው ልጃቸው ሮሆቦት ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ ነው። ኪዳኔ ቤታችንን ይዘን እንሄዳለን አለ። ያንን የሚያህል ነገር ሮሆቦት በር ላይ ፓርክ ማድረግ ስለማይቻል፣ አርቪውን ካምፕ አቁመው ከተማውን የሚዞሩባት ሆንዳ አራቱም ጎማዋ መሬት እንደነካ ከኋላ ተጎትታ ትከተላለች።

ውድነሽ እስከ አርቪው ድረስ ደስ ብሏት ነበር። ሆንዳዋ ጋ ሲደረስ ቆመች።

"ሰው የሌለባት መኪና ከኋላዬ እየተከተለችኝ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ልወርድ?" አለችው። "ማን ሊይዛት ነው?"

ኪዳኔ የአርቪው ፍሬን ለሁለቱም ይበቃል ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁት የድሮ ጓደኞቹም እንዲያ ብለውታል፤ በተለይ አንደኛው፣ በዕድሜው ጋሪ እንኳ ጎትቶ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድቶታል። ውድነሽ ግን መነጽሯን አድርጋ የአርቪውን መመሪያ አንብባ ነው የመጣችው። መጽሐፉ የአርቪው ፍሬን የተሠራው የራሱን ክብደት እንዲያቆም ነው፣ ከኋላው የሚጎተት መኪና የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል ይላል። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ቀጥላ ውል አስቀመጠች። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣለች፤ እስከ ሐሙስ መመለስ ይቻላል። እስከዚያ ድረስ እግሯ የሚያምነው ፍሬን ከተገኘ አብራው በመኪና ትሄዳለች። ካልተገኘ እሷ በአየር፣ እሱ ቤቱን እየነዳ ለብቻው። ያለችው በሳቅ ነው፤ ኪዳኔ ግን አልሳቀም። ጡረታዬን ስጠብቅ የኖርኩት ከጎኔ ባዶ ወንበር ይዤ ልሄድ ነው እንዴ ብሎ ያን ቀን ሙሉ ከፋው።

መጀመሪያ ያመጣው አንድ የፍሬን ሣጥን ነው። ፓርክ ሂል ካለ ሰውዬ በሁለተኛ እጅ ገዛው። ሣጥኑ ትንሽ ሻንጣ ያክላል። ሆንዳዋ ውስጥ ከነጂው ወንበር ፊት መሬቱ ላይ ይቀመጣል፤ በብረት ክንዱ የፍሬኑን ፔዳል ይይዛል፤ ወንበሩ ወደፊት ተስቦ ከኋላው ይደግፈዋል። አርቪው ሲቀዘቅዝ ሣጥኑ ይሰማውና ፔዳሉን ይገፋል። ኪዳኔ ዓርብ ከሰዓቱን ሙሉ ሲያስተካክል ዋለ። ጥሩ ሠራ፤ ይህን ሊነፍገው የሚችል የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ግን እንዳልክ መጣ። እንዳልክ ከመጣ አራት ወር ያልሞላው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ልጅ ነው። ረቡዕ ዲኤምቪ በሚሉት የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ቴስት አለው። "እትዬ ውድነሽ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ" አለ። ውድነሽ ደግሞ ለተማሪ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ሣጥኑ ተነስቶ ኋላ ወንበር ላይ ተጣለ፤ የነጂው ወንበር እንዳልክ ጉልበቱን እንዲያሳርፍ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ተገፋ።

ሲመለሱ ኪዳኔ አርቪውን አስነስቶ እየጠበቀ ነበር። በኢንተርስቴት ሰባ ወደ ተራራው ትንሽ ወጥተው፣ ዞረው ቁልቁለቱን እየወረዱ ሊሞክሩት ነው ቀጠሮው። ቸኩሏል። ሆንዳዋን አያይዞ ሣጥኑን ቦታው መለሰ፣ ክንዱን ፔዳሉ ላይ አሰረ፣ በሩን ዘግቶ ሮጠ።

ሽቅብ ሲሄዱ ሁሉም ሰላም ነበር፤ ውድነሽ እንዲያውም ስለ ክርስትናው ልብስ ታወራ ነበር። ቁልቁለቱ ጀምሮ ኪዳኔ ፍሬን ሲይዝ ግን የሆነ ነገር ከኋላ ደገፍ አደረጋቸው። አርቪው አልሸሸም፣ ቆመለት፤ ሆኖም ሰው ሰልፍ ላይ ጀርባህን በክርኑ እንደሚገፋህ ዓይነት ነገር ነበር። ኪዳኔ ሲያየው የውድነሽ እግር ምንጣፉ ውስጥ ሰምጧል።

ቀስ ብሎ ሞሪሰን መውጫ ላይ ወርዶ ማደያ ጋ አቆመ። ብቻውን ወደ ኋላ ሄዶ የሆንዳዋን በር ከፈተ። ሣጥኑ ፔዳሉን መግፋት ሲገባው ራሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ሩቅ ያለው ወንበር ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። የሚደግፈው ወንበር ሸሽቶታል፤ ኪዳኔም አላየውም። ሆንዳዋ ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረደችው ያለ ፍሬን ነው።

ያየ ሰው የለም። ወንበሩን ወደፊት ስቦ ሣጥኑን ቢያስተካክል፣ ትንሽ ላልቶ ነው አሁን ጠበቅኩት ቢላት፣ ነገሩ ያልቃል። ትኬቱም ይመለሳል። ኪዳኔ በሩን እንደያዘ ቆሞ አሰበበት፤ አላሰበበትም ብንል ዋሽተን ነው። ላቡን በእጅጌው ጠረገና ተመልሶ መጣ።

"አልሠራም" አላት። "ወንበሩን አላየሁትም፣ ቸኮልኩ። ምንም አልያዘም።"

ኪዳኔ እሷን አውሮፕላን ላይ፣ ራሱን ብቻውን መንገድ ላይ አየ። ውድነሽ ወርዳ ሄዳ ወንበሩን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"የእንዳልክ ጉልበት ነው እኮ" አለች። "እኔ ነኝ የገፋሁት።"

ሁለቱም እዚያው ማደያው ላይ መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲመለሱ ውድነሽ ሣጥኑ መጥፎ እንዳልሆነ፣ ለሌላ ሰው መኪና ጥሩ ሊሆን እንደሚችል፣ የነሱ ሆንዳ ግን አጭሩም ረጅሙም ወንበሯን የሚያንቀሳቅስባት የሕዝብ መኪና እንደሆነች እያሰበች ነበር። አንድ ነገር በየቀኑ ከፈረሰ አንድ ቀን ሳይሠራ ይቀራል፤ እሷ እንዳትረሳ ብትጠነቀቅ ኪዳኔ ይረሳል፣ ኪዳኔ ባይረሳ እሷ ለተማሪ ስትል ታፈርሰዋለች። ይህን ሁሉ ለኪዳኔ ነገረችው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረም።

ሰኞ አርቪ የሚጠግኑበት ጋራዥ አብረው ሄዱ። የጋራዡ ባለቤት ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ነች። ውድነሽ ደብተር አውጥታ ቴስት እንደሚሰጥ ሰው ጠየቀቻት። ሆንዳዋን የሚያቆማት ማነው? ማቆሙን ከፊት ሆኜ በምን አውቃለሁ? ተበጥሳ ብትቀርስ? በመጨረሻ ደግሞ ኪዳኔን በአገጯ እያሳየች፣ እሱ ቢረሳስ አለች።

ሴትዮዋ ለኪዳኔ አዘነችለትና፣ አንዴ ሆንዳዋ ውስጥ ከተሠራ እዚያው የሚቀረውን ፍሬን አሳየቻቸው። ዋናው ነገር ከወንበሩ ሥር ይታሰራል፤ ወንበሩ ቢሄድ ቢመጣ አይነካውም። ከአርቪው ፍሬን ጋር በመስመር ስለሚገናኝ ኪዳኔ በረገጠው ልክ የሆንዳዋንም ፔዳል ይስባል፤ ለስለስ ካደረገ ለስለስ፣ ጠበቅ ካደረገ ጠበቅ። ሆንዳዋ ፍሬን ስትይዝ አርቪው ውስጥ ትንሽ ቀይ መብራት ይበራል። ምናልባት ብትለያይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ገመድ ተስባ ራሷን በራሷ ታቆማለች። ብቻዋን ስትነዳ እንደ ማንኛውም መኪና ናት። ዋጋው ከሣጥኑ ይወደዳል፣ አንድ ቀን ሙሉም ይፈጃል። ውድነሽ ደብተሩን ዘጋች።

ማክሰኞ ተሠራ። ረቡዕ እንዳልክ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ቴስቱን አለፈና፣ ጋሼ ኪዳኔን አንስቶ ሊሸከማቸው ምንም አልቀረውም። ከሰዓት ባልና ሚስቱ ያንኑ ቁልቁለት ወረዱት። ቀይዋ መብራት በራች፣ ጠፋች፣ በራች፤ ከኋላ የገፋቸው የለም። የውድነሽ እግር ሁለት ጊዜ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳትናገር ስልኳን አነሳችና ትኬቱን መለሰች።

የተነሱት ዓርብ ነው። ተራራውን ሲወጡ ሻይ በቴርሞስ ጠጡ፣ ስለ ሕፃኗ ስም ተከራከሩ። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ትልቁን ዋሻ አልፈው ረጅሙ ቁልቁለት ፊታቸው ሲዘረጋ ኪዳኔ ማርሹን ቀንሶ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ውድነሽ መብራቷን አየች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

"ያኔ ማደያው ጋ ብትዋሸኝ አላውቅብህም ነበር" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች፣ እግሯን ወንበሩ ላይ አጠፈች።

ኪዳኔ መንገዱን ማየት ቀጠለ። ቁልቁለቱን ጨርሶ ዘወር ሲል ውድነሽ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች።

ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ነው። ትንሽም ታንኮራፋለች። ኪዳኔ ሬዲዮኑን አጠፋ። ዳገት ወጣ፣ ቁልቁለት ወረደ፤ ወንዙ በገደል መሐል የሚሄድበት፣ ስንት ዓመት አንድ ቀን አሳይሻለሁ ሲላት የኖረው ቦታ ደረሰ፣ ስንቱን የሚላት ነገር ነበረው፣ ሁሉንም ዋጠው። ብቻውን እየሳቀ ነዳ።

ግራንድ ጃንክሽንን አልፈው ውድነሽ ነቃች፣ ሜዳውን ግራ ተጋብታ አየችውና የት ደረስን ብላ ጠየቀች። ዩታ ልንገባ ነው አላት። ወንዙንም፣ ገደሉንም፣ ሁሉንም አለፍነው? አዎ፣ ሁሉንም።

"ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

"እኔ የተኛ መንገደኛ ቤቱ በር ላይ ሳልደርስ ቀስቅሼ አላውቅም" አላት።

ውድነሽ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈለገች። ወንበሩ ሥር አየችው፤ እዚያው ተወችው።