ለሰይድ የተጻፈው ዲስክ

በቅርቡ ለዜና ሥራ በሄድኩበት ቢሮ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሲዲ ውጦ በቀጭኑ ማፏጨት ሲጀምር፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው የወላጆቼ ሳሎን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ታላቅ እህቴ ሀያት ኮምቦልቻ ወርዳ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ አባታችን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶላት፣ እሷም ሳሎኑ ጥግ ተቀምጣ የሰፈሩን የሠርግ ቪዲዮ በሲዲ ትገለብጥ ነበር።

ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ሥራው ይቀዘቅዝ ነበር። በጋ ገብቶ ሠርግ ሲበዛ ደግሞ መብራት ሳይጠፋም ዲስክ ይበላሽባት ጀመር። ምክንያቱን ለእናታችን ስታስረዳ እንደሰማሁት፣ ኮምፒውተሩ ቪዲዮውን እያነበበ ወደ አንዲት ትንሽ ማጠራቀሚያ ያቀብላል፣ መጻፊያው ከዚያ እየወሰደ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ በሌላ ሥራ ተይዞ ማቀበሉ ከዘገየና ማጠራቀሚያዋ ባዶ ከሆነች ጽሕፈቱ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ ካቆመበት መቀጠል ስለማይችልም ዲስኩ ይጣላል። ስለዚህ ቪዲዮውን አስቀድማ ኮምፒውተሩ ውስጥ ታስገባና ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ትዘጋ ነበር። እንግዳን ግን መዝጋት አልቻለችም። እኛ ቤት የገባ ሰው «እስቲ ሠርጉን አሳዩን» ካለ እምቢ ማለት ነውር ስለነበር፣ እየተጻፈም ቢሆን ትከፍትለት ነበር።

በአንዱ አረፋ ማግስት አክስታችን ከዲጃ ከኩታበር መጥታ እኛ ቤት ነበረች። ልጇ ሰይድ ጅዳ ከሄደ ጀምሮ ፊቷን አላየም ነበር፤ ስለዚህ ሀያት መልእክቷንና ዱዓዋን በካሜራ ቀርጻላት፣ የዚያን ቀን ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ተነስቶ ወደ ጅዳ የሚያልፈው ጎረቤታችን ሙሄ ሊያደርስላት ቃል ገብቶ ነበር። ሱቁ ለበዓሉ ዝግ ስለነበር እጃችን ላይ ያሉት ባዶ ዲስኮች ሁለት ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያው መጻፍ እንደጀመረ አክስቴ ወንበሯን አስጠጋች።

«ሀያትዬ፣ ልጄ ምን መስዬ እንደሚያየኝ እስቲ ልየው።»

«እየተጻፈ ነው አክስቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«የገዛ ፊቴን ነው የምትከለክይኝ?»

ሀያት አፍራ ከፈተችላት። አክስቴ «ሻሼን እንኳ የሚያቃናልኝ ጠፋ» ብላ እየሳቀች ሳለ የስህተት መልእክቱ መጣ፣ ዲስኩም ተበላሽቶ ወጣ።

ሀያት ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው፣ የቀረውን ዲስክ አስገብታም ፍጥነቱን ከሁሉ ዝቅ አደረገችው። ሙሄ ሻንጣውን መኪና ላይ ጭኖ ገባ።

«በዚህ አካሄድ እኮ በሚቀጥለው አረፋ ነው የሚያልቅልሽ። ፈጠን አድርጊው እንጂ።»

«ካፈጠንኩት ማቀበሉ አይደርስለትም። ይኼ ከተበላሸ ሌላ የለኝም።»

«አውሮፕላኑስ ይጠብቀኛል?»

«አብሽር ሙሄ» አለ አባቴ፣ ወጥቶም ሹፌሩን ከመኪናው አውርዶ ማዕድ ላይ አስቀመጠው።

ወዲያው አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ሸህ ለእንኳን አደረሳችሁ መጥተው፣ ገና ሳይቀመጡ «ያቺን የእህቴን ልጅ ሠርግ እስቲ ክፈቱልኝ» አሉ። ያን ጊዜ አክስቴ ተነስታ ነጠላዋን ዘርግታ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች።

«ዛሬ የሚታይ የለም፣ ሸሆቹ። ልጄ ጋ ልደርስ ነው። ይልቅ ተቀምጠው ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ቅር ሳይላቸው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ሹፌሩ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ፣ ሙሄም በአንድ ዓይኑ የግድግዳውን ሰዓት እያየ አብረው ዘረጉ፤ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ እስኪወጣ ድረስም ከቤታችን «አሚን» ከሚለው ድምፅ በቀር ሌላ አልተሰማም። ሙሄ ዲስኩን ኪሱ ከቶ በሩጫ ወጣ።

ከቀናት በኋላ ሰይድ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሀያት ናት። «እማ ዱዓዋን እስከ መጨረሻው አድርጋልኛለች» አላት፤ «ዲስኩን ደግሜ በከፈትኩ ቁጥር አሚን እላለሁ።»

ዛሬ ሰይድ እናቱን በስልክ በየሳምንቱ ያያታል። ኔትወርክ ሲደክም ፊቷ ቃል መሃል ላይ ይደርቃል፣ «ሃሎ፣ ሃሎ» ተባብለው መልሰው ይደዋወላሉ፣ የተቋረጠውንም ሳይጨርሱት ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ። የዛሬው እንደሚሻል አውቃለሁ፤ አክስቴም ብትጠየቅ የምትመርጠው ይህንኑ ነው። ያኔ ግን አንዲት እናት ንግግሯን እስክትጨርስ አንድ ሙሉ ቤት ሥራውን ትቶ ይጠብቃት ነበር።