ኢልሃም የወሰደችው ጥሩምባ

የቅሬ ጠሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ጥሩምባውን ይዤ መርሳ ገበያ ዳር ካለችው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ባለ በሌለ ትንፋሼ ነፋሁት። የወጣው እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ድምፅ ነው። ውርጌሳ ድረስ ያሉ ላሞች ሁሉ መለሱልኝ ብዬ ስንት ዓመት አውርቻለሁ። እውነቱን ካላችሁ የመለሱት ሁለት ላሞች ናቸው፤ እነሱም የጎረቤቴ ናቸው።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ ሰው ሲሞት አብሮ ይቀብራል። ዳኛችን ሐጂ እንድሪስ ያን ቀን ከጉብታው ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ይመር፣ የአንተ ሳንባ ለቅሬ ሳይሆን ለባቡር ነው» አሉኝ። «ሐራ ሄደህ ብትነፋ ባቡሩ መጣ ብለው ይወጣሉ። አሁን ስማ። አንድ ረጅም ለሞት፤ ሦስት አጫጭር ለሥራ። ከነፋህ በኋላ ‹የሰማህ ላልሰማ አሰማ› ትላለህ። የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ትናገርና ታበቃለህ። ቀልድ የለም።»

«ትንሽም የለ፣ ሐጂ?»

«ሟቹ ከሳቀልህ ቀልድ።»

ሌላም ሕግ ነበር። ጥሩምባው ከጠሪው እጅ አይወጣም። ለወንድምም ለሚስትም አይሰጥም።

ይህን ሥራ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ይወቀው፤ የሚወድህ የለም። ጥሩምባውን በብብትህ ይዘህ ስኳር ልትገዛ ብትገባ ባለሱቁ ሰላም ሳይልህ «ማን?» ይልሃል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ከተራራው በኩል ተኩስ ሲሰማ በከረመበት ሰሞን ደግሞ ጥያቄው ተለወጠ። ጥሩምባ ሲሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ማለቱን ትቶ «ማን መጣ?» ይል ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሰባት ቤተሰብ በአይሱዙ ከሱዳን ገባ። የወረዳችን የሀብሩ ልጆች ለሥራ ሄደው እዚያው ያገቡ፣ የወለዱ ናቸው። ጦርነት አባረራቸውና ወደ እኛ ፍርሃት መጡ። ከከተማው ሰው «ማን እንደላካቸው በምን ይታወቃል?» ያለም አልጠፋ። ሐጂ ሰው ሰብስበው መስጊዱ ውስጥ ወዳጃ አስቀመጡ፤ ሲነጋ የጀመረ ዱዓ እስከ ቀትር ሆነ። መጨረሻ ላይ መምሬ ሞላ ከቤተ ክርስቲያን በኩል በአህያ ዱቄት አስጭነው መጡና በሩ ላይ ቆመው፣ «እኔ የማውቀው አንድ ስም ነው፤ እንግዳ። ሌላ ስም ያላችሁ በኋላ ትነግሩኛላችሁ፤ አሁን አህያውን አራግፉልኝ» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

የለቅሶ ድንኳናችንን መስጊዱ ግቢ ተከልንላቸው።

ከመጡት አንዷ ኢልሃም ትባላለች። ሱዳናዊት ናት። ባሏ የእኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ ድንበር ላይ ተለያይተው ወሬው ጠፍቷል። የመውለጃ ወሯ ገብቷል። አማርኛ አታውቅም፤ አብራት የመጣችው የመርሳዋ ልጅ ሐዋ ታስተረጉምላት ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ ድንኳኑ እንደማያሳልፋቸው ታየ። ሐጂ ጠሩኝና፣ «ነገ ጠዋት ንፋ። ወንዱ መጥረቢያና ዶማ ይዞ ይምጣ፤ ባህር ዛፍ ቆርጠን ቤት እንሠራለን» አሉኝ።

እኔም ነፋሁ። ስህተቴ ከየት እንደጀመረ አሁን አውቀዋለሁ። ሌላ ጊዜ ከጉብታው ላይ ነው የምነፋው። ያን ቀን እንግዶቹ ችሎታዬን ይዩልኝ ብዬ ከድንኳኑ በር አጠገብ ቆምኩ። ሦስቱን አጫጭር ለቀቅሁና ቀልድ ጨመርኩበት፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መጥረቢያ ሳይዝ የመጣ ቀሚስ ይለብሳታል!»

ሰው እየሳቀ፣ መጥረቢያውን ከፍ እያደረገ በሩጫ መጣ። ዘወር ስል ድንኳኑ ባዶ ነው። ሰባት ቤተሰብ ባንድ ትንፋሽ ጠፋ። አንዲት የሕፃን ጫማ ብቻ ቀርታለች።

ሐዋን ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ማንጎ መሐል አገኘናት። «አያ ይመር፣ ምን ማድረግዎ ነው?» አለችኝ። «እዚያ ሱዳን የታጠቁት ሰፈራችን የገቡት መኪና ላይ ሆነው ጥሩምባ እየነፉ ነው። ሲነፋ ነው ሰው የሚያልቀው።»

እስከ ቀትር ሁሉም ተለቅመው ተመለሱ። ኢልሃም የለችም።

ከአስፋልቱ ሥር ካለው የውኃ ቱቦ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ውስጥ ድረስ ዘልቃለች። ቀና ስንል ደጋው ጠቁሯል፤ ከላይ ዝናቡ ጀምሯል። የዚያ አገር ጎርፍ ወዴት እንደሚወርድ መርሳ የኖረ ሁሉ ያውቃል። በዚያው ቱቦ ነው።

በሆዴ ተኝቼ ጮህኩላት። «ተዓል! ያላ! ሱርዓ!»

ጭራሽ ወደ ውስጥ ተሳበች።

«ኧረ በአላህ ዝም ይበሉ!» አለች ሐዋ። «እንደ ወታደር እኮ ነው የሚያዟት!»

ምን ላድርግ? ሳዑዲ ስድስት ዓመት ፍየል ስጠብቅ አሠሪዬ የተናገረኝ አረብኛ ይኸው ነው፤ ነይ፣ ቶሎ፣ ፍጠኚ። ከመካከላችን ከሳዑዲ የተመለሰ ስንት ወንድ ቆሞ፣ «አይዞሽ እቴ» የሚል አረብኛ ያለው አንድ ሰው ጠፋ። ሐዋ በቋንቋዋ ለመነቻት። ከውስጥ የመጣው መልስ፣ «አንቺማ የእነሱ ነሽ» የሚል ሆነ።

ሐጂ መጥረቢያውን ሁሉ መሬት አስጣሉን። ከቱቦው አፍ ጭቃው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ። በዝግታ፣ አንድ በአንድ። መምሬ ሞላም አጠገባቸው ተቀምጠው በየመሐሉ «አሜን» ይላሉ። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ከቱቦው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አሚን።»

ሐጂ ዞር ሳይሉ ሐዋን፣ «ምን ብናደርግላት እንደምትወጣ ጠይቂልኝ» አሏት።

ሐዋ ጠየቀች። መልሱን ሰምታ እኔን አየችኝ። «የጮኸውን ነገር ስጡኝ አለች።»

ደጋው ላይ ነጎደ። እኔ ሞኙ ጥሩምባውን እንደታቀፍኩ፣ «ሐጂ፣ ሕጉስ?» አልኩ።

«አንተ ከብት! ሕጉን ጎርፉ ይጠብቅልሃል?»

በቱቦው ውስጥ አንከባለልኩላት። ድምፁ እየራቀ ሄደና ቆመ። ከዚያ ዝም። በዕድሜዬ እንደዚያች ዝምታ የረዘመ ቀን አላየሁም፤ ይህን ሳላጋንን ነው። ቆይታ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ብቅ አለች፤ ጥሩምባዬ በብብቷ ነው። ሴቶቹ ደግፈው አስፋልቱ ላይ አወጧት። ውኃ እንኳ ቀምሳ ሳትጨርስ ጎርፉ ግንድ እየገፋ መጣና ቱቦው ዋጠው። ሁላችንም አየነው። እኔም ቀልድ አልመጣልኝም።

ጥሩምባውን አልመለሰችም። ቤቱ ተሠርቶ ከገባችም በኋላ ስትተኛ ትራሷ ሥር ነው። ልቀበላት ብዬ ሐጂን ባማክር፣ «እስክትወልድ እግር የለህም?» አሉኝ።

በዚያ መሐል ከቅሬያችን ሁለት ሰው ሞተ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ነገርኩ። ሦስት ጫማ ጨረስኩ፤ እሺ፣ አንድ። በጥሩምባ ሞት ስናገር የሰውን ፊት አላይም ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሜ ስናገር አየሁት። የመጀመሪያውን ቤት ከነገርኩ በኋላ ወደ ሁለተኛው ለመሄድ አጥር ይዤ ቆሜ ነበር።

ኢልሃም በሰላም ወለደች። አርባ ሲሆናት ጥሩምባውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሐዋን አስከትላ ቤቴ መጣች። «አሁን መቼ ትነፋለህ ትላለች» አለችኝ ሐዋ።

«አስቀድሜ እነግራታለሁ በያት» አልኳት። ነግሬያትም ነው የነፋሁት፤ ከጉብታው ላይ፣ ፊቴን ከእነሱ ቤት አዙሬ።

ለአዲስ ጠሪ የማስተምረው ይህን ነው። ሰፈር ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ ጥሩምባውን ይዘህ ሂድ። አስይዘው። ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት የት ሰማኸው ብለህ ጠይቀው። መልሱን ሳትሰማ አትንፋ።