ከፀሐይ የተነሣው ሸክላ

በዚያ የመጋቢት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሶሳ በሚገኘው ግቢያችን በረንዳ ላይ የነበርነው አምስት ነን። አንደኛ፣ እኔ። ሁለተኛ፣ ታላቅ እህቴ፤ ከበሩ በስተግራ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሦስተኛ፣ በዚያው ግቢ የምትኖረው ጎረቤታችን፣ የበርታ ሴት፣ ሸክላ ሠሪ። አራተኛ፣ ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር። አምስተኛ፣ መምህሩን ያመጣቸው የባጃጅ ሹፌር፤ አድርሶ መሄድ ሲገባው የነገሩን መጨረሻ ሳላይ አልሄድም ብሎ ቀረ። እህቴ «ዶሮዋንም ቁጠራት» ትለኛለች። ዶሮዋ የመጣችው በኋላ ስለሆነ አልቆጥራትም።

ያንን ጥቁር ክብ የሙዚቃ ነገር አማርኛ ሸክላ ይለዋል። ማሰሮውንም ሸክላ ይለዋል። ቋንቋው ይህን ሲወስን፣ አንድ ቀን አሶሳ ውስጥ ሸክላ ሰብሳቢና ሸክላ ሠሪ በአንድ ግቢ ይከራያሉ ብሎ አላሰበም።

እኔ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ሸክላ ማጫወቻዬንም ከተማውን ለቅቆ ከሚሄድ ሰው የገዛሁት በካርቶን ውስጥ ተበታትኖ ነው። ስምንት ወር ፈጀብኝ። የሚያዞረውን ቀበቶ የቆረጥኩት ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው። በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ዙር ከሲሶ መዞሩን ለማረጋገጥ ጫፉ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ፣ የስልኬን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ሲሶዋን ለማግኘት ሦስት ደቂቃ፣ ማለትም መቶ ዙር መቁጠር ያስፈልጋል። እህቴ ሁለት ጊዜ አቋርጣኝ እንደገና ጀምሬአለሁ።

ማጫወቻው ተገኘ፤ የሚጫወት ግን የለም። የምፈልገው የጥንቱን ጃዝ ነበር። ወደ ባምባሲና ወደ ቶንጎ ለሚመላለሱ ሹፌሮች ሁሉ «አሮጌ ሸክላ ካያችሁ አምጡልኝ» ብዬ ነገርኩ። ከቶንጎ አንዱ ክዳን የሌለው የሚያምር ገንቦ አመጣልኝ። ጎረቤታችን አገላብጣ አየችውና «እጅ ጥሩ ነው፤ እሳት ትንሽ ነው» አለች። እስካሁን ውኃ እንጠጣበታለን።

መምህሩ ዘንድ ግን አሥራ ሁለት የጃዝ ሸክላ እንዳለ ሰማሁ። ድሮ በወጣትነታቸው፣ በድርቁ ዘመን ሰፋሪዎች ወደዚህ በመጡ ጊዜ፣ ሊያስተምሩ ሲመጡ ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። ማጫወቻቸው የተሰበረው እኔ ሳልወለድ ነው። ሣጥኑ አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ ማንም አይነካውም። አምስት ጊዜ ሄጄ ለመንኳቸው። በአምስተኛው አንዱን አወጡ።

«ስማ» አሉኝ። «ይህችን ውሰድ። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። እንደሰጠሁህ ካገኘኋት የቀሩትን አሥራ አንዱን አብረን እንሰማለን። ካላገኘኋት ሣጥኑ ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

ሳምንቱን ሙሉ እጄን እስከ ክርኔ ሳልታጠብ አልነካሁትም። «ቀዶ ጥገና ሊገባ ነው» ትላለች እህቴ፣ ሳሙናውን እያቀበለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከተቀበልኩት ይልቅ አጽድቼ ልመልሰው ብዬ ለብ ባለ ውኃና በአንድ ጠብታ ሳሙና አጠብኩት፤ እንዲደርቅ በረንዳው ላይ ግድግዳውን አስደግፌ ጥላ ውስጥ አቆምኩት። ፀሐይ እዚያ የምትደርሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን ከዚያ በፊት በጠመኔ ምልክት አድርጌ አውቄዋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብዬ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

ከዚያ አንድ ደንበኛ፣ ሲመቱት ብቻ የሚሠራ ሬዲዮ ይዞ መጣ። የት ቦታ ሲመታ እንደሚሠራ ስንፈልግ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። እህቴ ገበያ ነበረች። ለጎረቤታችን ደወልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ጎረቤታችንን «አንቺ» የምላት ክብር አጥቼ አይደለም። መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» እያልኩ «ይቀመጡ፣ ይብሉ» ስላት ዙሪያዋን እያየች «እኔ ስንት ሰው ነኝ?» ትለኝ ስለነበር ነው። እሷ ደግሞ ሁሉንም «አንተ» ነው የምትለው፤ እህቴንም ጭምር።

«እማማ» አልኳት፣ «በረንዳው ላይ ያለውን ሸክላ ከፀሐይ አንሺልኝ።»

«ሸክላ?»

«አዎ፣ ሸክላውን። ቀስ ብለሽ፣ በሁለት እጅ።»

«ወላሂ!» አለች። «ወላሂ አንተ ጥሩ ልጅ ነው!»

ምስጋናው ትንሽ በዛብኝ፤ ሬዲዮው ላይ ስለነበርኩ ግን አላሰብኩበትም።

በዚያው በረንዳ ላይ፣ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ርቆ፣ በዋዜማው የሠራችው ማሰሮ ነበር። ገና እሳት ያልገባ ማሰሮ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። ሠላሳ ዓመት ሸክላ ስትሠራ ለማሰሮዋ አስቦ ስልክ የደወለላት ወንድ አልነበረም። በሁለት እጇ አነሣችው፣ ቤቷ አስገባችው። ግድግዳ የተደገፈውን ጥቁር ነገርም አይታዋለች፤ የባልዲ ክዳን መስሏት አለፈችው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሸክላው ጠርዙ ሁለት ቦታ ወደ ላይ፣ አንድ ቦታ ወደ ታች ተጠምዝዞ እንደ ጎመን ቅጠል ሆኗል። እህቴ ከገበያ ተመልሳ ከአጠገቡ ቆማለች። «አልነካሁትም» አለች፣ ሳልጠይቃት። መምህሩ ከቀጠሯቸው አሥር ደቂቃ ቀድመው ደረሱ።

ሸክላውን ተቀብለው በዓይናቸው ትክክል አድርገው አዩት። አልጮኹም። መጮኻቸው ይሻለኝ ነበር። ከፀሐይ እንድታነሣው ለጎረቤታችን ደውዬላት እንደነበር አስረዳኋቸው።

«ምን ብለህ ነው የነገርካት? ቃል በቃል።»

ነገርኳቸው።

«የትኛውን ሸክላ?» አሉ። «ዐረፍተ ነገሩ ጎደሎ ነው። ከአሥር ሁለት።»

«ጋሼ፣ ሁለቱስ ለምኑ ነው?» አለ የባጃጁ ሹፌር።

«‹በሁለት እጅ› ስላለ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አጫውተው። ምን እንዳደረግኸው ስማው።»

አጫወትኩት። መርፌው ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሳክስፎኑም አብሮት ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ያቃስታል። በመካከሉ ከግቢው ዛፍ አንድ ማንጎ የቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ወደቀ። መምህሩ «ይህኛው እንኳ በፊትም አልነበረበትም» አሉ። ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ብድግ አለች።

«ዋዛ!» አለች። «ይሄ ዋዛ ነው!»

መምህሩ በንዴት ቀሉ። «ዋዛ? ከአዲስ አበባ ድረስ በጭነት መኪና ላይ ታቅፌ ያመጣሁት ዋዛ ነው?»

«አንተ ለምን ይቆጣል?» አለቻቸው።

አርባ ዓመት አሶሳ የኖረ ሰው የበርታን ዋዛ ያውቃል፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ እያወጣ በኅብረት የሚነፋው ረጅሙ የቅል መለከት ነው። የተናደደ ሰው ግን የሚሰማው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። «ጋሼ፣ መለከቱን ማለቷ ነው!» አለች እህቴ፣ ምስሩን እየደፋች። «እያመሰገነችዎት ነው!»

«ዋዛ ነው» አለች ጎረቤታችን ረጋ ብላ። «የሚነፋው ሰው ግን ደክሞታል። ውኃ ስጠው።»

ከዚያ ለምን እንደተቆጡ ምንም ሳልቀንስ አስረዳኋት። ሸክላው ጠፍጣፋ መሆን እንዳለበት፣ ፀሐይ እንዳጣመመው፣ አንሺ ያልኳት እሱን እንደነበር ነገርኳት። ክዳን የመሰላትን አየች፣ እኔን አየች። «አንተ ለምን ‹ጥቁር› አላለም?» አለችኝ። መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ።

ቤቷ ገብታ ለገበያ የሠራቻቸውን ሁለት ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህኖች ይዛ ወጣች። ፀሐይ ላይ አሞቀቻቸው፤ ትኩሳት እንዳለው ልጅ በእጇ ጀርባ እየነካች ጠበቀቻቸው። ንጹሕ ወረቀት አድርገን የሙዚቃውን ሸክላ በሁለቱ ሸክላዎች መካከል አስገባነው፤ እንዲበርድም ጥላ ውስጥ ተውነው። ዶሮዋ የመጣችው ይኼኔ ነው። ላይኛው ሳህን ለብ ማለቱን ወደደችውና ተቀመጠችበት። ላባርራት ስነሣ መምህሩ ያዙኝ።

«ተዋት። ክብደት ናት።»

ሲወጣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሞገድ ቀርቶበታል። የመጀመሪያው ዜማ መግቢያ አሁንም ያቃስታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀጥ ይላል። መምህሩ አንዱን ገጽ ሙሉ፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሰሙት። ሲያልቅ እኔን አላዩኝም። ጎረቤታችንን «ማሰሮው የት ነው?» አሏት።

ወስዳ አሳየቻቸው። ተከትለናቸው ገባን። ማሰሮው ጨለም ባለው ጥግ፣ ከሥሩ ገለባ ተነጥፎለት፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ በዒድ ልብሷ ተሸፍኖ ቁጭ ብሏል። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሣጥኑን አመጣለሁ» አሉ። ላመሰግናቸው ጎንበስ አልኩ። «አንተ ጋ ግን አይደለም። እሷ ጋ ነው የሚቀመጠው። ሸክላ መያዝ የምታውቀው እሷ ናት።»

እንዲህም ሆነ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መምህሩ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ፣ እኔ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ በሯን አንኳኳለሁ።

«እማማ፣ ሸክላ ልውሰድ?»

«የትኛው ሸክላ?» ትላለች፣ በሩን ሳትከፍት፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እስክናገርም አትከፍትም።

ይህን ያየሁትንና የለካሁትን ይዤ ነው የጻፍኩት፤ ሆኖም አንዳንዱ አልጠራልኝም። የወደቀው ማንጎ አንድ ነው ብያለሁ፣ እህቴ ሁለት ነው ትላለች። መምህሩ ስለ ዋዛው በመጨረሻ መሳቃቸውን ሹፌሩ ይምላል፤ እኔ ጀርባቸውን ብቻ ነበር የማየው። በዚያ በረንዳ የነበራችሁ አራታችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ የረሳሁትንም ጨምሩበት። ስትጽፉ ግን የትኛውን ሸክላ እንደሆነ ግለጹ።