በፎጣ ስር የተቆረጠ ውጤት

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከነፎጣቸው የፍየል ገበያ ይሸቱ ነበር። ማዶ ያለችው ልጅ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ስትሸፍን፣ የሒሳብ አስተማሪ የሆንኩት እኔ ግን ነውሩን ረስቼ ጠጋ አልኳቸው። አባቴ አባቴ ሸተቱኝ።

አባቴ የሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበር። ፊደል ባይቆጥርም የአንድን በሬ ዕድሜና የባለቤቱን ውሸት በአንድ እይታ ያነብ ነበር። ደላሎቹ ዋጋ በአፍ አይጠሩም፤ ሰው እንዳይሰማ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎጣ ጣል ያደርጉበትና በጣት ይነጋገራሉ። አምስቱን ጣት መያዝ አምሳ፣ አንዷን መድገም ስድሳ፣ መልሶ ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ ደግሞ እሺ ማለት ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ ሠላሳ ስምንት አመጣሁና ወላጅ አምጪ ተባልኩ። እናቴ ቀድማ ፈርዳለች፤ ከደገምኩ ትምህርቱ ቀርቶ ቤት እውላለሁ። ቤት መዋል ማለት ከቦኖ ውሃ መቅዳት ነው፤ ያን ጊዜ ከሒሳብ አብልጬ የምጠላው ነገር ቢኖር ጀሪካን ነበር።

መምህራችን ከደጋ የመጣ ዓይን አፋር ወጣት ነው። ውጤቴን ሲነግረው አባቴ ሰላም እንደሚል ሰው እጁን ያዘው፣ ፎጣውን ጣል አደረገበት፣ አምስቱን ጣት ጨበጠ፣ ከዚያ አንዷን ደገመ። መምህሩ የአገሩ ሰላምታ መስሎት፣ ባለጌ እንዳይባል፣ አጥብቆ መልሶ ጨበጠው።

«አላህ ይባርከው!» አለ አባቴ፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስድሳ ብሎልሻል! ወላሂ ጨዋ ሰው ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እየተንተባተብኩ የገበያውን ሕግ ስነግረው መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ኮስተር አለ።

«እሺ ካልኩ አላጥፍም። ግን ጋሽ ሁሴን፣ ስድሳዋን የምታመጣት እሷ ናት። እኔ ከትምህርት በኋላ አስጠናታለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ጊዜ ይስጧት።»

አባቴ ውል አያፈርስም። በነጋታው ቢጫ ጀሪካኔን አንጠልጥሎ ቦኖ ተሰለፈ፤ ያ ጢማም ደላላ ከሴቶቹ መሀል ቆሞ በተራ ሲጣላ ሰፈሩ ለወራት ሳቀ። ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ደብተሬን ገልብጦ ይዞ፣ እንደ ገበያው «ትንሽ ጨምሪበት» እያለ እርማቱን ይመረምራል። ቀይ ቀለም ሁሉ ስህተት ይመስለው ስለነበር፣ ሁሉንም ያገኘሁ ቀን ገጹ በቀይ ራይት ተሞልቶ ስላየ አኩርፎኝ አደረ።

በዓመቱ መጨረሻ አምሳ ሰባት አመጣሁና አለፍኩ። አባቴ ግን ሦስት መጉደሏን ሰምቶ በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ገሰገሰ። ጠብ መስሎኝ እየሮጥኩ ተከተልኩት። መምህሩን ትከሻውን ይዞ፣ «ሦስቷን ትቼልሃለሁ፤ ልጄን ግን ለከርሞም አደራ» ሲለው ሰማሁ።

ዛሬ የተማሪዎቼ ውጤት በየወላጁ ስልክ ይደርሳል፤ የወላጅ ስብሰባ ስጠራ ግን አብዛኛው ወንበር ባዶ ነው። የመጣውም ቁጥሩን አይቶ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ይሄ ያናድደኛል። ሰዎች ድሮም ጎበዝ ነበርሽ ይሉኛል። ውሸት ነው፤ ሁለት ሰዎች ከሁለት ወገን ስለያዙኝ ነው ያልወደቅኩት። መምህሩ ተዛውሮ ጠፋብኝ። አባቴ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ሳይመጣ ሞተ። ውጤቱ የመጣ ቀን ቤቱ በእልልታ ሲናጋ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ «ትንሽ ጨምሪበት» የሚለኝ ሰው አልነበረም።