የዳይሬክተሩ ማርሚታ

ዕንባቆም ሞተር ሳይክሉን እንደገዛ ሳይውል ሳያድር ሆሳዕና በያጅ ቤት ወስዶ ድምፅ የሚያፍነውን የማርሚታውን ሆድ ዕቃ አስወጣው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲያስነሳው የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ አብሮ ይነሳል። ገና ከዳገቱ ማዶ እያለ ይሰማል።

ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። በትምህርት ቤቱ ያለው ኩራት ልክ የለውም። በደረሰ ቁጥር ግቢው ጭር ብሏል፤ መምህራኑ ሰሌዳው ፊት ቆመዋል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያነባሉ። «እኔ ሰው አልቆጣም፤ ዓይኔን ብቻ ያውቁታል» ይላል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ዓይኑን!

ለዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ደግሞ ዘዴ አለው። የአማቹን የመልካሙን ያልተነካ ማርሚታ ለአንድ ቀን ይዋሳል፣ ጭሱም ድምፁም አለፈ ይባላል፣ ቦሎውን ይለጥፋል፣ ማርሚታውን ይመልሳል። እግዜርም መርማሪውም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም።

ዘንድሮ ግን ቦሎውን ገና እንደተቀበለ ስልኩ ጮኸ። ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ ርብቃ ናት። ትምህርት ቤቱን ለሞዴልነት ለማየት አሁኑኑ መሄድ ትፈልጋለች። ሞዴል ከተባለ እሱም ወደ ወረዳው ቢሮ ማደጉ አይቀርም፤ ይህን ስንት ዘመን ተመኝቷል። ማርሚታ መቀየሪያ ጊዜ ከየት ይምጣ? ከኋላው አፈናጧት ሄደ።

ሞተሩ ሹክሹክ እያለ በሩ ላይ ደረሰ። ዞር ብሎ ያየ የለም። መምህር ፍሬው ወንበር አውጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ፂሙን ይላጫል። መምህርት ኤልሳ ጎመን ትቀነጥሳለች። ልጆቹ ኳስ ላይ ናቸው። ፍሬው ቀና ሲል ፊቱ በሳሙና እንደተለወሰ ደርቆ ቀረ።

«ውይ ዳይሬክተር! በእግርዎ መጡ እንዴ?»

ዕንባቆም አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ወይዘሮ ርብቃ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ቢያንስ አንድ ክፍል ላሳያት ብሎ አራተኛ ክፍልን ከኳስ ሜዳ ጠርቶ አስገባ፣ ጠመኔ አነሳና «የት ደርሳችኋል?» አለ።

ልጆቹ ተያዩ። ከፊት የተቀመጠችው ሊድያ እጇን አወጣች።

«እርስዎ ሲመጡ የምንማረውን ነው ቲቸር? እሱን በቃላችን ይዘነዋል። ሌላ አልጀመርንም።»