ዳማው ፈረስና የቄሱ ቡላ

ዳማው ፈረስ ባሌን እንደ ጫነ በሴትዮዋ በር ሲገባ ያየሁ ለት፣ ቤቴ ሊፈርስ እንደሆነ ገባኝ።

ሱፌን እየፈተልኩ ከሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። ባሌ ፈረሱን ሊገዛው አስቦ እየሞከረው ነው። ሽምጥ ለቀቀው፤ ፈረሱም ከነፈ። ሜዳው ሲያልቅ ግን ዛቡን ቢስበው፣ አንገቱን ቢጠመዝዘው አልመለስ አለና በቀጥታ ወደ ፈረሱ ባለቤት ግቢ ዘለቀ። ባለቤቱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከቤቷ ወጣች። አልደነገጠችም። ልጓሙን ያዝ አድርጋ፣ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የገብስ ቆሎ እየፈታች፣

«መጣህልኝ?» አለች።

«መጣሁ» አላት ባሌ።

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። የኔን ሰው የት እንዳደረሰው በዓይኔ አየሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምጽፈው መሠረተ ትምህርት ባስቆጠረኝ ፊደል ነውና ብስት ይቅር በሉኝ። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ነው። ጦርነቱ አብቅቶ፣ ወንዱ ከየሄደበት ተመልሶ፣ መንዝ ትንሽ ተንፍሳ ነበር። ገብሱም ይዟል፣ በጎቹም ረብተዋል። ተቀዛቅዞ የኖረው ጉግስ በየበዓሉ እንደገና ደራ። ባሌ በጉርምስናው ጉግስ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ፈረሱ ከሞተበት ወዲህ ግን ከእግረኛው ጋር ቆሞ ነው የሚያይ። እና አሁን ለሰንበትና ለበዓል የምጫወትበት ፈረስ ካልገዛሁ አለ። እህል የማይጭን፣ ገበያ የማይወርድ፣ ለጨዋታ ብቻ። መጀመሪያ አልከፋኝም። ስንት ዓመት በስጋት ኖሯል፣ ይጫወት አልኩ።

በመንደራችን የሚሸጥ ፈረስ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም ሌላ ሰው ሲጋልባቸው የኖሩ። ዳማው አንዱ ነው። ጌታው በጉግስ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር፤ ታሞ ሞተና ፈረሱ ከሚስቱ እጅ ቀረ። ቤታቸው ከሜዳው ጫፍ ስለሆነ፣ ሰውዬው ሽምጥ ሲጋልብ ሚስቱ ከበሯ ቆማ እልል ትላለች። ፈረሱ እልልታዋን ሲሰማ ክንፍ ያወጣል፤ የሩጫውም ማብቂያ እሷ እጅ ላይ ያለው ቆሎ ነው። እንዲያ ነው የለመደው።

ሁለተኛው ቡላው፣ የንስሐ አባታችን ፈረስ ነው። እሳቸው አርጅተው ኮርቻ መውጣት ስላቃታቸው ሊሸጡት ነው። ቡላው ደልዳላ፣ አንገተ ወፍራም፣ ዓይኑ የሚያንቀላፋ የሚመስል፣ ፀባዩ ሸጋ የሆነ ፈረስ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት። ቄሱ በመንገድ ሰው ባገኙ ቁጥር ቆመው መስቀል ሲያሳልሙ ስለኖሩ፣ ቡላው ፊቱ ሰው ካየ ይቆማል። ያ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ቀና እስኪል ንቅንቅ የለም። ዝቅ ካለለት፣ ይሄስ ተሳልሟል ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ባሌ በመጀመሪያ የሞከረው ቡላውን ነው። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ሜዳ ወርደው ሲጫወቱ፣ አንዱ ጎረምሳ ዘንጉን ይዞ ፊት ለፊት ሲመጣበት ቡላው ቀጥ ብሎ ቆመለት። ጎረምሳው በጎን አልፎ ዞረና የባሌን ጀርባ በዘንግ አቀመሰው። ቡላው አሁንም የሚሳለመውን ሰው ይጠብቃል። ከዳር የቆመው አንዱ፣

«አባታችን፣ መስቀሉን ያውጡልን እንጂ» አለው።

ሜዳው በሳቅ ተናጠ። ቤት ሲገባ ጀርባውን በቅቤ እያሸሁለት እኔም አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ። እሱ ግን ተናዷል። ቡላው ለቀብር እንጂ ለጉግስ አይሆንም አለና በሚቀጥለው ሰንበት ዳማውን ሊሞክር ሄደ። የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ባሌ ከእርሻ በተመለሰ ቁጥር ወደ ሜዳው ዳር ይላል። ፈረሱ እንዲለምደኝ ነው ይላል። ፈረስ ለማላመድ እግር መታጠብ ምን ያደርጋል? ኪሱን ቆሎ ሞልቶ ይወጣል፤ ቆሎውን የቆላሁት እኔ። ሴትዮዋ ከል ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ እንኳ መልኳ አልሸሸም። አንገቷ ረዥም ነው። እኔ ልጅ በልጅ ላይ የወለድኩ፣ እጄ በኩበትና በሱፍ የሻከረ። እሷን አይቼ ወደ ራሴ ስመለስ ሬት ሬት ይለኛል። ኋላማ በፈረሱም ቀናሁ። ባሌ ጋማውን ሲያሻሸው አይና፣ እኔን እንዲህ አድርጎኝ ያውቃል ወይ እላለሁ።

ቅናቱ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ያኔ መሬት በባልና በሚስት ስም መጻፍ ገና አልመጣም። ባል ከሄደ ሴት ልጆቿን አስከትላ ወደ ወላጆቿ ነው፤ የኔ ወላጆች ደግሞ አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። ልጆቼ መሶብ ዙሪያ ተኮልኩለው ሲበሉ እያየሁ፣ የከርሞውን በማን ደጅ ይበሉት ይሆን እላለሁ።

አንድ ቀን ራቱን አቅርቤ፣ ዳማው ቁርጥ ሆነ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቁርጥ ነው አለኝ። ግን ያለ ሴትዮዋ እልልታ አይሮጥም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ወጥታ እልል እንድትልልኝ ልለምናት ነው አለ።

«እሷንም ጨምረህ ልትገዛ ነዋ» አልኩት።

«ድምፅ ምን ይበላል፣ አንቺ ሴት?»

«ድምፅ አፍ አለው። አፍ ደግሞ ይበላል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እልልታ ከሆነማ እኔስ ምላስ የለኝም ወይ? ጓሮ ከገብሱ ክምር ሥር ሄጄ እለማመድ ጀመር። የእሷ ከታች ተነስቶ እንደ ዋሽንት ወደ ላይ ይፈሳል፤ የኔ መሀል ላይ ስብር ይላል። ደጋግሜ ስል ጎረቤቶቼ በአጥሩ ዘለቁ። አንዷ ቅቤ በቅል ይዛለች። እልልታውን ከቤታቸው ሆነው ቆጥረው፣ ወንድ ተወለደ ብለው ነው የመጡ። ማን ወለደ ሲሉ ዓይናቸው በቅድሚያ የኔን ሆድ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆመችውን ያላገባች ልጄን ዳሰሰ።

ልጄ አላፈረችም። «እማዬ ናት፤ ፈረስ ልትወልድ ነው» አለቻቸው።

ወሬው ዘመሮ ገበያ ድረስ ደረሰ። ጨው ስገዛ እንኳ፣ ውርንጭላው እንዴት አደረ ይሉኝ ነበር።

ጥምቀት ሲቃረብ አላስቻለኝም፤ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። አዋርዳታለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። በረንዳዋ ላይ ገብስ እየፈተገች ነው። ግቢ እህቴ አለችኝ። አልገባም አልኳት።

«ባሌን መጣህልኝ ያልሽው ምን ቤት ሆነሽ ነው?»

ዘነዘናዋን ሙቀጫው ላይ አስደግፋ ቀና አለች።

«ፈረሱን ነው ያልኩት። ዘመኔን ሁሉ እንዲያ ስለው ኖሬያለሁ። ባልሽ መጣሁ ብሎ ሲመልስልኝ እኔም ደነገጥኩ።»

ባሏ ከሞተ ወዲህ እልልታ ከአፏ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ወደፊትም ለማንም እንደማትል ነገረችኝ። ባሌ ሲለምናት ይህንኑ ብላዋለች፤ እሱ ግን ለኔ አልተነፈሰም። ቀጥላ ያለችኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ኮቴ ስሰማ ኮርቻ ላወርድለት እነሳለሁ። ልቤ ሳያስብ እግሬ ይነሳል። በር ላይ ስደርስ ሌላ ሰው ነው። እኔ የምሸጠው ይሄን ኮቴ ላለመስማት ነው፣ እህቴ። ለመንደሬ ሰው ከሸጥኩት ምኑን ሸጥኩት?»

ከጓሳ ተራራ ማዶ፣ ራቤል ከሚባል አገር ገዢ አግኝታ ኖሯል። ከዚያ ፈረሱ ወደ ደጇ የሚመለስበትን መንገድ አያውቀውም።

ዘነዘናውን ተቀብያት ገብሱን አብረን ፈተግን። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እየፈተግሁም ቀናሁባት። እኔ ለባሌ ኮቴ ብድግ ብዬ አላውቅም። ደግሞም እሷ አትፈልገውም ማለት እሱ አይፈልጋትም ማለት አይደለም። ፍርሃቴን ይዤው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ራቤሎቹ መጥተው ዳማውን በጓሳ በኩል ነዱት። ባሌ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ አየና አኩርፎ ሰነበተ። ያስቆጨው ፈረሱ ነው ወይስ በሯ? ፊቱን ባየው ባየው አልገባኝም። የቀረው ቡላው ብቻ ስለሆነ ቡላውን ሊያመጣ ሄደ። ቄሱ መርቀው፣

«ልጄ፣ ይሄ ያስቆምሃል እንጂ አይጥልህም» ብለው ሰጡት።

የጥምቀት ለት ታቦት ከገባ በኋላ ሜዳው በሰው ሞላ። ባሌ በቡላው ላይ ሆኖ ብቅ አለ። ከዳር ከቆመው ሰው ፊት በደረሰ ቁጥር ቡላው ይቆማል። ሰዉ ነገሩን ያውቃልና እየሳቀ ራሱን ዝቅ ያደርግለታል፤ ቡላውም ያልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሴትዮዋ ፊት ደረሰና ቆመ።

እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ቆሜ አያለሁ። እሷ ከነከሏ ራሷን ዝቅ አድርጋ ቀና አለች። ቡላው እንደ ማንኛውም ሰው ቆጥሮ ትቷት አለፈ። ዓይኔን ከባሌ አንገት አልነቀልኩም፤ ይዞራል ብዬ። አልዞረም። አንዴም አልዞረም።

ከዚያ ወደኔ መጣና ፊቴ ቆመ።

እኔ ራሴን ዝቅ አላደረግሁም። ባሌ ዛቡን ነቀነቀ፣ በተረከዙ ጎሰመው፤ ቡላው ወይ ፍንክች። ከኋላ የቆሙት ፈረሰኞች ልቀቅ ልቀቅ ይሉት ጀመር።

«ኧረ ዝቅ በይ፣ ልለፍበት» አለኝ በቀስታ።

«አልልም» አልኩት።

አጠገቤ ያሉት ሴቶች በሳቅ ተንከተከቱ። ባሌ አየኝ፤ ደህና አድርጎ አየኝ፤ ከዚያ እሱም ሳቀና ዛቡን ለቀቀው። ቡላው የሚያንቀላፋ ዓይኑን እኔ ላይ ጥሎ፣ ባሌን እንደ ተሸከመ ፊቴ ቆሟል። የትም አይሄድም።

ቤቴ አልፈረሰም። ልጆቼም እኔም ተርፈናል።