ጋሽ ፍሬን እና የዳኛው መኪና

ጋሽ ፍሬን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲያስቆም ኖሮ አንድም ቀን መኪና ነድቶ አያውቅም። መንዳቱ ይቅርና መሳፈርም አይወድም ነበር። ከቤቱ እስከ ሱቁ አርባ ደቂቃ በእግሩ ይሄዳል፤ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘረጋና ሃምሳ ይፈጅበታል። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብጠይቀው፣ «የብዙ ሰው ፍሬን ከፍቼ አይቻለሁ» አለኝ።

እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ቁልፍ እቀርጻለሁ። ስለዚህ ከምነግራችሁ ነገር አብዛኛውን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ከጥፋቱም፣ እንደምትሰሙት፣ ድርሻ አለኝ። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው። ሾፌሮቹ ናቸው ጋሽ ፍሬን ያሉት፣ በዚያው ጸደቀ። እኔ እኩያው ስለሆንኩ አንተ እለዋለሁ።

ሥራው የድሮ መኪኖችን የፍሬን ሸራ መለበጥ ነው። አዲሶቹን አይነካም። የድሮ መኪና ጎማ ጀርባ ታምቡር የሚባል ድስት የመሰለ ብረት አለ። በሆዱ ሁለት ቅስት ብረቶች ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ላይ ሸራ ለብሰዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ቅስቶቹ ይከፈቱና ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ ጨምድዶ ያስቆመዋል። ሸራው ሲያልቅ ጋሽ ፍሬን አሮጌውን ነቅሎ፣ አዲሱን ለክቶ፣ በስቶ፣ በመዳብ ሪቬት ከመሀል ወደ ዳር እየመታ ያለብሰዋል። ሌላው ሠራተኛ እዚህ ጋ እጁን ይታጠባል። ጋሽ ፍሬን ግን ታምቡሩን ከውስጥ ጠመኔ ይቀባል፣ ቅስቱን ያሽበታል፣ አውጥቶ ጠመኔው የት የት እንደነካ ያያል። ያልነካበት ቦታ ካለ የነካበትን ይሞርዳል። እንደገና ጠመኔ፣ እንደገና ሞረድ። ሸራው ከዳር እስከ ዳር ነጭ እስኪሆን ድረስ አይለቀውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የጋሽ ፍሬን እንቁላል ግን ከመሄዱ በፊት መንገዱን ሦስት ጊዜ ያጣራል።

ኑሮውም እንደዚያው ነበር። ሚስቱን ለማግባት ስድስት ዓመት አሰበ። በሰባተኛው ዓመት እሷ ራሷ፣ «አንተ ሰው፣ ታገባኛለህ ወይስ ልሂድ?» ብትለው፣ «እስቲ ሁለት ሳምንት ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። እሷ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነች፤ ጣቶቿ ፊደሉን ሲመቱት በጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ ይመስላል። እንዴት አብረው እንደኖሩ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሚስቱ ታናሽ ወንድም አላት፣ የመኪና ሞተር ይጠግናል፤ ሞተረኛው እንለዋለን። ጋራዡ ከኛ መንገድ ቁልቁል ወርዶ መታጠፊያው ላይ ነው። በሩ ፊት ምሰሶ ላይ ከሩቅ የሚታይ ሰሌዳ ሰቅሏል፦ «ፈጣን ጥገና። ጠዋት አምጡ፣ ከሰዓት ውሰዱ።» ሞተር ላይ እጁ ወርቅ ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ ዳኛ ከአባታቸው የወረሱትን ስልሳ ዓመት ያለፈውን ጥቁር መኪና ለሁለቱ ሰጡ። ሞተሩን ለወንድምየው፣ ፍሬኑን ለጋሽ ፍሬን። ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ልጃቸው ልታገባ ነው፤ ሙሽራዋ በዚያ መኪና እንድትሄድ ቆርጠዋል። ዳኛው ቅጽል ስም መሆኑን ማንም ስላልነገራቸው በአክብሮት «አቶ ፍሬን» ሲሉት ከረሙ። እሱም አላረማቸውም።

ሞተሩ በስምንት ቀን አለቀ፤ ድመት ስታንኮራፋ የሚመስል ድምፅ ነበረው። ቀለሙም ተቀባ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያደንቃል። ፍሬኑ ግን ገና ነው። ታምቡሩ በዘመኑ ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተልጓል፤ በዚያ ምክንያት ሆዱ ሰፍቶ አዲሱ ሸራ ሲገጠም መሀሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይነካል። ዳኛው በየቀኑ ይደውላሉ።

«አቶ ፍሬን፣ ደረሰ ወይ?»

«እየደረሰ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ትናንትም እየደረሰ ነበር።»

«ዛሬ ከትናንት ይሻላል።»

ይሄን እየተባባሉ ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ ጋሽ ፍሬን እህቱ ሆስፒታል ገባች ተብሎ ለሦስት ቀን ሌላ ከተማ ሄደ። በአውቶቡስ ነበር፤ ፍሬኑን ሳያይ አልተሳፈረም ይባላል፣ እኔ አላረጋግጥም። ስምንቱም ቅስቶች ሸራቸውን ለብሰው፣ ሪቬታቸው እያብረቀረቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ቀሩ።

በማግሥቱ ሞተረኛው መጣና የሱቁን በር ነቀነቀ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። የሁሉንም ሱቅ ቁልፍ የምቀርጸው እኔ ስለሆንኩ የጋሽ ፍሬን ቅጂ እኔ ጋ አለ።

«ክፈትልኝ እስቲ። ቅስቶቹን ልውሰድ።»

«አልቀዋል ብሎሃል?»

«በመስኮቱ እስቲ እያቸው፤ አዲስ ሸራ፣ አዲስ ሪቬት። ምን ቀራቸው? ጋሼን እኮ ታውቀዋለህ፣ ትተንለት ብንሄድ ሙሽራዋ አያት ሆና ነው የምትሳፈረው።»

ሳቅሁ። የሚስቱ ወንድም ነው ብዬም ከፈትኩለት። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ መክፈቴ ብቻ አይደለም፤ መሳቄ ጭምር ነው።

በዚያው ከሰዓት ገጣጠመውና ከመንገዳችን በላይ ካለው ቤታቸው ሄዶ ዳኛውን ጋቢና አስቀምጦ ቁልቁል ይዟቸው ወረደ። ደልዳላው ላይ ሲረግጠው ይዞለት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ሸራ ያን ሁሉ ብረት ከየት ያስቁመው? ፔዳሉን ወለል ድረስ ረገጠ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ። መኪናው በጨዋነት፣ ሳይቸኩል፣ ግን ሳይቆም፣ መታጠፊያው ድረስ ሄዶ የራሱን የሞተረኛውን ሰሌዳ መታ። «ፈጣን ጥገና» የሚለው ከነምሰሶው ተጋደመ። የፊት መብራት ረገፈ፣ መከለያው ተጨራመተ። ሰው አልተጎዳም። ዳኛው ባርኔጣቸውን ከወለል አንስተው አራገፉና፣ «ነገ አራት ሰዓት ላይ ሁላችሁም ቤቴ እንድትገኙ» አሉ።

ተገኘን። ጋሽ ፍሬንም ከመንገድ እንደገባ መጣ፣ ሚስቱም አብራው። ዳኛው ሳሎናቸው ውስጥ ከትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አጠለቁ። ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ፊታቸው ላይ ግን የናፈቁትን ነገር ያገኘ ሰው ደስታ ይታይ ነበር።

መጀመሪያ ሞተረኛውን ጠየቁ። አልካደም። ከዚያ እኔን። እኔም አልካድኩም፤ የሳቁን ነገር ግን ዘለልኩት። በመጨረሻ ወደ ጋሽ ፍሬን ዞሩ።

«ቅስቶቹ እንዳላለቁ ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ላየ ሰው ያለቁ ይመስሉ ነበር?»

ጋሽ ፍሬን አሰበ። በሱ ልክ እንኳ ረጅም ነበር። «ይመስሉ ነበር» አለ።

«እንግዲያው ያላለቀ ነገር ያለቀ አስመስሎ ጥሎ መሄድ ጥፋት ነው። ቢያንስ ምልክት ያስፈልገዋል።»

ሚስቱ ተነሳች። «ክቡር ዳኛ፣ ይቅርታዎን። በሰው ነገር እንዳልገባ ብዬ ዝም ብዬ ነበር። በየቀኑ እየደወሉ ደረሰ ወይ፣ ደረሰ ወይ ሲሉ የነበሩት ማን ናቸው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ያስሮጡትስ ሰው አይጠየቁም?»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ይመዝገብ» አሉ። የሚመዘግብ ሰው አልነበረም።

ፍርዱ አጭር ነው። ሞተረኛው የተጨራመተውን ያቃናል፤ እኔ ባለቤቱ ያልፈቀደውን በር ሁለተኛ አልከፍትም፤ ጋሽ ፍሬን ላላለቀ ሥራ ምልክት ያደርጋል፤ ዳኛው ስልክ አይነኩም። ጋሽ ፍሬን ሲወጣ ይቆጣ ይሆን ብዬ ጠበቅሁት። «ትክክል ናቸው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልጨረሰው ቅስት ሁሉ ላይ በጠመኔ «ገና» ብሎ ይጽፋል። ሱቁን ብታዩት፣ ዙሪያውን ገና፣ ገና፣ ገና ነው።

ዳኛው ስልክ አልነኩም። በእግራቸው ይመጡ ጀመር እንጂ። በርጩማ ይዘው ቅስቱን ጠርንፎ ከሚይዘው ሞርሳ አጠገብ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያውን ቀን ጋሽ ፍሬን አፋቸው ላይ ጨርቅ አሰረላቸው፤ ሙያውን ያስተማረው ሰው የድሮውን ሸራ ትቢያ ሲስብ ኖሮ በሳል ነው የሞተው፤ ስለዚህ ዛሬም ሲሞርድ ሸራውን ውሃ እየረጨ ነው። በሁለተኛው ቀን ዳኛው ጠመኔ መቀባቱን ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን፣ «ይሄ ዳሩ ላይ አልነካም፣ ይመለስ» ሲሉ ከመንገድ ማዶ ሰማኋቸው። ጋሽ ፍሬን ተቀብሎ መሞረድ ቀጠለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ ከሱ የባሰ ሰው ሲገጥመው የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ ያለው ይመስለኛል።

ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ቅስቶቹ ተገጠሙ። ዳኛው መሪውን ያዙና የጎን በሩን ከፈቱ።

«ይግቡ፣ አቶ ፍሬን።»

«እኔ ከታች ሆኜ አያለሁ።»

«ከታች ሆኖ ማየትማ ቁልፍ ሠሪውም ያያል። ይግቡ።»

ገባ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ በሁለት እጁ የመቀመጫውን ጠርዝ ጨብጦ ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ፣ «እጄን ከመሪው ላንሳ?» አሉት ዳኛው። «ያንሱ» አለ በቀጭን ድምፅ። እጃቸውን አንስተው ረገጡ። መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል፣ ሳይጮህ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሞተረኛው አጨበጨበ። ጋሽ ፍሬን ወርዶ ጎንበስ ብሎ የአራቱንም ጎማ ዱካ አየና፣ «የኋላው ግራ ትንሽ ይዘገያል» አለ። ሁለት ቀን ጨመረበት።

በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ መኪናውን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አባዬ፣ በጣም ያምራል። ግን መስኮቱ ጥብቅ ብሎ አይዘጋም። ፀጉሬ ይበተናል።»

የአጎቷ ልጅ ባመጣው አዲስ ነጭ መኪና ሄደች። ዳኛው ይግባኝ የሚሉበት አጥተው ጋሽ ፍሬንን ከጎናቸው፣ ሚስቱን ከኋላ አሳፍረው ከሰልፉ መጨረሻ ተከተሉ። ማንም ልብ አላላቸውም። ፍሬን በደንብ ሲሠራ የሚታይ ነገር የለም። እንግዶቹ ስለ ሙሽራዋ ፀጉር ግን ዓመት አወሩ።

እዚያው መንገድ ላይ ነው ሚስትየው ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ይሄ ነገር ለመንዳት ይከብዳል?» ያለችው። ልጃቸው ስትሄድ ቤቱ ጭር የሚልባቸው ዳኛው ማስተማሩን እንደ ሹመት ተቀበሉት። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ በመጀመሪያው ፈተና መንጃ ፈቃድ አወጣች። ባሏ ገና ነገሩን እያሰበበት ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ትነዳለች፣ ዳኛው ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ጋሽ ፍሬን ጋቢና ሆኖ ፔዳል በሌለበት ወለል ላይ በቀኝ እግሩ ይረግጣል። ምንጣፉ እዚያች ቦታ ላይ ተበስቷል። ዓመት ሲሞላ ታምቡሮቹን ከፍቶ አየና ወደኔ ተሻግሮ መጣ።

«ሸራው ከተገጠመበት ቀን ምንም አልጎደለም» አለኝ።

«ሥራህ ጥሩ ስለሆነ ነዋ።»

«አይደለም» አለ። «አትረግጠውም።»

ቅዳሜ ግን ከሁሉም ቀድሞ ወጥቶ በር ላይ ይጠብቃል።